ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሌላ፣ እሳት የነካው ሌላ

ሁለት ቁጥሮች ላስቀድም፦ 28,000 እና 300።

ሁለቱም የአንድ ኬሚካል ናቸው። ስሙ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ይባላል፤ በአንድ ወቅት የታወቀ የእሳት ማጥፊያ ነበር። በ1950 አካባቢ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የአሜሪካ ጦር ኬሚካል ማዕከል አንድ ሙከራ አደረገ። አይጦችን ለ15 ደቂቃ የልዩ ልዩ ማጥፊያዎችን ትነት እያስተነፈሰ፣ ምን ያህሉ እንደሚገድል ለካ። ካርቦን ቴትራክሎራይድ እሳት ሳይነካው ለመግደል፣ በሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 28,000 እጅ መሆን ነበረበት። 800 ዲግሪ ድረስ ካጋሉት በኋላ ግን 300 እጅ በቃው። ከ90 እጥፍ በላይ ከፋ ማለት ነው።

ሰው «ይሄ የእሳት ማጥፊያ መርዝ አለው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጠይቀው ሲሊንደሩ ውስጥ ስላለው ነገር ነው። ሻጩም የሚመልሰው ስለዚያው ነው፦ «ኧረ ምንም አይልም!» ምናልባት እውነቱን ነው። ግን ማጥፊያ የሚረጨው እሳት ላይ ነው፤ የምንተነፍሰውም ከእሳቱ ጋር ተገናኝቶ የተረፈውን ነው። በርበሬ በዕቃው ውስጥ ተቀምጦ ማንንም አያስለቅስም። ፍም ላይ ሲወድቅ ነው ቤቱን የሚያስለቅቀው።

ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ነገር የሚነሳባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ለቦሎ ሲባል ተገዝታ ወንበር ስር የምትንከባለለው ትንሽ ሲሊንደር አለች። የፔንሲዮን ኮሪደር ላይ የተሰቀለው አለ። ጣና ዳር ዓሣ የሚጠበስበት ኩሽና አለ። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ጀልባ አለ። የባንክና የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ክፍል አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላንም አለ። በእነዚህ ቦታዎች የምናገኘው ማጥፊያ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲግል የሚሆነውም ለየቅል ነው።

በመጀመሪያ የድሮውን እንጨርስ። ካርቦን ቴትራክሎራይድ አንድ ካርቦንና አራት ክሎሪን ነው። ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ይተንና ምንም እድፍ አይተውም። ስለዚህ ለመኪናና ለኤሌክትሪክ ዕቃ ተመራጭ ነበር። ከ1910ሮቹ ጀምሮ ፓይሪን በሚል ስም በናስ ፓምፕ ተሞልቶ ይሸጥ ነበር። እሳት ላይ የሚወረወሩ የብርጭቆ ኳሶችም ይሞሉበት ነበር። ችግሩ የሚመጣው ሲግል ነው። ሞለኪዩሉ ይሰበራል። ክሎሪኑ ከካርቦንና ከኦክስጅን ጋር እንደገና ይያያዝና ፎስጂን ይሆናል። በአካባቢው የጋለ ብረት ካለ ደግሞ ይብሳል፤ የመኪና ሞተር ሲቃጠል ያለው ይኸው የጋለ ብረት ነው እንግዲህ።

ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጋዝ ካለቁት ወታደሮች አብዛኞቹን የገደለው ነው። ክፋቱ ዝምታው ነው። ሽታው አዲስ የታጨደ ሣር ይመስላል፤ ብዙም አያስደነግጥም። ሰውዬው ትንሽ ያስለውና ይሻለዋል። እሳቱን አጥፍቶ፣ ተመስግኖ ቤቱ ይገባል። ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውሃ ይቋጥራል። አንዳንዴ ይህ እስከ 24 ሰዓት፣ አልፎም እስከ 48 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች «ወዲያውኑ ለሕይወት ያሰጋል» ብለው ያሰመሩበት መጠን በሚሊዮን 2 እጅ ብቻ ነው። ካርቦን ቴትራክሎራይድ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ቀስ በቀስ ከማጥፊያነት ወጣ። ሳይጋልም ጉበትና ኩላሊት ይጎዳ ስለነበር ማንም አላዘነለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ይህ ሁሉ የአንድ መጥፎ ኬሚካል ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ባበቃን ነበር። አይደለም። ከሱ በኋላ የመጡትም፣ ክሎሪን፣ ብሮሚን ወይም ፍሎሪን ያለባቸው በሙሉ፣ እሳት ውስጥ ሲገቡ ይሰበራሉ። የተሰበሩት ቁርጥራጮች ደግሞ ሃይድሮጂን ይፈልጋሉ። ሃይድሮጂን እሳት ውስጥ ሞልቷል፤ ከእንጨቱ፣ ከቤንዚኑ፣ ከፕላስቲኩ ይወጣል። ሲገናኙ አሲድ ጋዝ ይሆናሉ፦ ሃይድሮጂን ክሎራይድ፣ ሃይድሮጂን ብሮማይድ፣ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ።

ሃሎን የሚባሉት፣ ብሮሚን ያለባቸው የማጥፊያ ጋዞች ላይ ይህን በደንብ ማየት ይቻላል። እሳት የሚቀጥለው ትኩስ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ስለሚያያይዙት ነው። የሃሎኑ ብሮሚን መሃል ገብቶ ይህን ቅብብል ይበጥሰዋል። መሃል ለመግባት ግን መጀመሪያ ከሞለኪዩሉ መላቀቅ አለበት። ስለዚህ መሰበሩ ጉድለት አይደለም፤ ሥራው ነው። እሳቱን የሚገድለውና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ከአንድ ስብራት ነው የሚወጡት። «ሲግል የማይሰበር ሃሎን ለምን አይሠሩም?» ለሚል መልሱ ይህ ነው፦ ካልተሰበረ ሃሎን ሆኖ አያጠፋም።

ከዚያው የአይጥ ሙከራ የወጡትን ቁጥሮች እንያቸው። ሃሎን 1301 የሚባለው ዓይነት ሳይግል አይጥ ለመግደል 832,000 እጅ ያስፈልገዋል። ይህ ከአየሩ ከአምስት እጅ አራቱ በላይ ሃሎን ሆነ ማለት ነው፤ እዚያ ደረጃ ላይ ኦክስጅኑም የለም። በ800 ዲግሪ ሲሰበር ግን 14,000 ይበቃዋል። ሃሎን 1211 ከ324,000 ወደ 7,650 ይወርዳል። እንግዲህ ሃሎን 1301 ሲሰበር እንኳ ከካርቦን ቴትራክሎራይድ በ46 እጥፍ ያህል ይሻላል። ዓለም ወደ ሃሎን የሄደው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በነገራችን ላይ፣ ሃሎን የተከለከለው በሳንባ ምክንያት አይደለም፤ በሰማይ ምክንያት ነው። ኦዞንን ስለሚበላ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ሥር ገባ። ያደጉት አገሮች ከ1994 መጀመሪያ ጀምሮ ማምረቱን አቆሙ። እንደኛ ላሉት ቀነ ገደቡ 2010 ነበር። አውሮፕላን ላይ ግን ዛሬም አለ። ከክምችት እየተወሰደ ሞተሩንና የጭነት ክፍሉን ይጠብቃል። ክብደቱ ቀላል፣ ጉልበቱ ትልቅ የሆነ ምትክ ማግኘት አስቸግሯል። በድሮ ፋብሪካ ወይም መጋዘን ውስጥ «ቢሲኤፍ» የሚል ጽሑፍ ያለው አሮጌ ሲሊንደር ካገኛችሁ፣ ያ ሃሎን 1211 ነው። «እስቲ ይሠራል ወይ» ብላችሁ አትሞክሩት።

የሰርቨር ክፍሎቹ ወደ ሌላ ጋዝ ዞረዋል። በብዛት የሚታወቀው ኤፍኤም-200 ነው። ብሮሚን የለውም፤ ኦዞን አይነካም። እሳቱን የሚያጠፋው በአብዛኛው ሙቀቱን በመምጠጥ ነው። ሞለኪዩሉ ውስጥ ግን ሰባት ፍሎሪን አለ። እሳቱ ሲሰብረው ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ የሚሰጋበት መጠን በሚሊዮን 30 እጅ ነው። ዓይንና አፍንጫ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ሥጋ የሚበላ አሲድ ይሆናል። ወደ ሰውነት ከዘለቀም ከካልሲየም ጋር ስለሚያያዝ ልብ ድረስ ሊያውክ ይችላል። ከፎስጂን የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፦ አይደብቅም። ገና ትንሽ እያለ ይቆነጥጣል፤ ሰው ራሱ ሮጦ ይወጣል።

ምን ያህል ይወጣል? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ደስ የሚለው። መጠኑን የሚወስነው የጋዙ ዓይነት ብቻ አይደለም። የእሳቱ ትልቀት ከክፍሉ ስፋት ጋር ሲነጻጸር፣ እና ጋዙ ከነበልባሉ ጋር ለምን ያህል ጊዜ አብሮ እንደቆየ ዋናዎቹ ናቸው። ሰፊ ክፍል ውስጥ ገና የጀመረ ትንሽ እሳት፣ ጋዙ ቶሎ ከደረሰበት፣ የሚወጣው አሲድ ትንሽ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ እሳቱ ከገነነ በኋላ ጋዙ ዝግ ብሎ ከመጣ ግን፣ እሳቱ ሳይጠፋ ጋዙን እየሰበረ ይቆያል። ለዚህ ነው መመዘኛዎች የዚህ ዓይነት ጋዝ በ10 ሰከንድ ውስጥ ተረጭቶ ማለቅ አለበት የሚሉት። ሰው ፍጥነቱ ዕቃ ለማዳን ብቻ ይመስለዋል። ሳንባም ጭምር ነው።

የከፍታ ነገርም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ እዚህ ሲለቀቅ ከጅቡቲ ይልቅ ሰፋ ብሎ ይነጠፋል፤ በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው ድርሻም ይጨምራል። ስለዚህ መሐንዲሶች በዚህ ከፍታ የጋዙን ኪሎ በ0.8 ገደማ ያባዛሉ። ሰንጠረዡን ለባሕር ጠለል የተሠራውን እንዳለ ገልብጦ የሞላ ሰው፣ 8.7 በመቶ እንዲሆን ያሰበው ወደ 10.6 በመቶ ይወጣበታል። ኤፍኤም-200 በልብ ምት ላይ ጉዳት ሳያሳይ የቆየበት መጠን 9 በመቶ ነው፤ ጉዳቱ መታየት የጀመረው በ10.5 ነው። ሰርቨር ክፍል የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ ገጣሚውን «ከፍታውን በስሌቱ አስገብተሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፊቱን ዓይታችሁ ታውቃላችሁ።

ጋዙን እዚህ ላይ እንተወው። አብዛኞቻችን ያለን ቀይ ሲሊንደር የያዘው ዱቄት ነው፤ በተለምዶ ፓውደር የሚባለው። «ኤቢሲ» የሚል ከተጻፈበት በአብዛኛው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው። ወደ 190 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጥና የሚቃጠለውን ነገር ይለብጠዋል። እየጋለ ሲሄድ አሞኒያ ይለቃል፤ በጣም ሲግል የፎስፈረስና የናይትሮጂን ኦክሳይዶችም ይወጣሉ። ያስላል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ከፎስጂን ጋር ግን በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሌላው ዓይነት «ቢሲ» ነው፤ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ኩሽና ያለው ቤኪንግ ሶዳ። ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ትነት ይሆናል። የሚቀረው ዱቄት ቆዳን ትንሽ ይበላል፤ በውሃ ይታጠባል።

የፓውደር ትልቁ ጣጣ አቧራው ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ አንዴ ከተለቀቀ እጅህን አታይም። በሩን ያጣ ሰው ደግሞ ጭሱን ይስባል። አስም ላለበት ሰው ያለ እሳትም ከባድ ነው። ለሚሞሉ ወንድሞቻችን አንዲት ነገር ጣል ላድርግ፦ ኤቢሲንና ቢሲን አንድ ሲሊንደር ውስጥ አትቀላቅሉ። አንዱ አሲድ፣ ሌላው አልካላይን ነው። እርጥበት ካገኙ ጋዝ እየፈጠሩ ይጋገራሉ። ሲሊንደሩ ውስጥ ያልታሰበ ግፊት ይፈጠራል፤ ዱቄቱም በሚፈለግበት ቀን አይወጣም።

ዓሣ ቤቶቹን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቆሮሶ የሚጠበስበት ዘይት ራሱ ሲነድ፣ ፓውደሩን ከቅርብ መርጨት የሚነደውን ዘይት አንስቶ ግድግዳና ሰው ላይ ሊረጨው ይችላል። ውሃማ ፈጽሞ! ጋዙን ዝጉ፣ ክዳን ድፉበት፣ እስኪበርድ አትክፈቱት። ክዳኑ ምንም ኬሚካል የለውም፤ ለመጥበሻ እሳት ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ዘይቱ ሲጨስ የሚያስለቅሰው አክሮሊን ደግሞ ማጥፊያው ያመጣው አይደለም። የዘይቱ የራሱ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብቻው ነው። ጥቁር ቀንድ የመሰለ አፍ አለው፤ የግፊት መለኪያ ሰዓት የለውም። በዚያ የድሮ የአይጥ ሙከራ ላይ ሳይግልም 658,000፣ ግሎም 658,000 ነው። በእሳት አይሰበርም። ታዲያ ከሁሉ የዋህ ነው? አይደለም። ቁጥሩ የአይጥ ነው፤ ሰው ከዚያ በጣም ባነሰ ይወድቃል። በአየር ውስጥ ወደ 10 በመቶ ሲደርስ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ያስታል። አሁን ስሌት እንሥራ። 5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ዳር ከፍታ ሲለቀቅ ወደ 3.4 ሜትር ኩብ ጋዝ ይሆናል። ሦስት በሦስት የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ ቢለቀቅ ከአየሩ 14 በመቶ ገደማ ይይዛል። የብዙ ሱቅ ጓዳ ከዚህ አይሰፋም። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ታች ይተኛል። ምድር ቤት ያለ የጄኔሬተር ክፍል፣ የጀልባ ሞተር የሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ እዚያ ጎንበስ ብሎ «ጠፍቷል ወይ?» ብሎ ማየት ሞኝነት ነው። ሽታ ስለሌለው ማንንም አያስጠነቅቅም።

እስካሁን ያልኩትን አንብቦ «እንግዲያውስ ማጥፊያ ባይኖረኝ ይሻላል» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። በዚህ አልስማማም። ማጥፊያው ከሚያወጣው ይልቅ የሚቃጠለው ቤት የሚያወጣው ይከፋል። የሶፋው ስፖንጅ ሃይድሮጂን ሳያናይድ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ፕላስቲክ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ያወጣል፤ ያው ማጥፊያው ላይ የፈራነው አሲድ። ሁሉም ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በእሳት አደጋ ከሚሞቱት ብዙዎቹን የሚገድለው ጭስ ነው። እሳቱ በትንሽነቱ ከጠፋ ይህ ሁሉ ይቀራል። ማጥፊያው ራሱ የሚሰበረውም በትንሹ ይሆናል። ስለዚህ ምክሩ አንድ አቅጣጫ ነው ያለው፦ ቶሎ፣ አጭር፣ ከዚያ ውጡ።

ስትረጩ ጀርባችሁ ወደ በሩ ይሁን። እሳቱ ከወገብ በላይ ካለፈ ወይም ሲሊንደሩ አልቆ እሳቱ ካልጠፋ፣ ሁለተኛ ሲሊንደር ፍለጋ አትመለሱ፤ በሩን ዘግታችሁ ውጡ። ከጠፋም እዚያው ቆማችሁ አታድንቁ። በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጭ ጠብቁ። ሜዳ ላይ ከሆነ ነፋስ ከጀርባችሁ ይሁን። ሐይቁ ዳር ቀን ቀን ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከጣና ወደ ከተማው ነው የሚነፍሰው፤ ሌሊት ይገለበጣል። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ጀልባው ራሱ ይዞራል፤ ሰዎቹን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጫፍ አሰባስቧቸው።

አፍ መሸፈኛ ማስክ ዱቄቱን ይቀንሳል፤ ጋዙን አያቆምም። እርጥብ ጨርቅ ከአሲድ ጋዞቹ ጥቂቱን ሊይዝ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን ምንም አያደርገውም። ወተት የመጠጣቱ ነገር ደግሞ አለ። እናቶቻችን ጭስ የዋጠውን ሰው «ወተት ስጡት» ይላሉ። ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጉዳቱ ያለው ሳንባ ላይ ነው። ራሱን የሳተ ወይም በኃይል የሚያስለው ሰው ከሆነ፣ ወተቱ ራሱ ወደ ሳንባ ሊገባበት ይችላል። ንጹሕ አየር ስጡት፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልብሱን ፍቱለት።

ከዝግ ክፍል ጭስና የማጥፊያ ጋዝ ስቦ የወጣ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ለብቻው አይደር። ደረቱ ከጨነቀው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም አክታው አረፋ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይሂድ። ማጥፊያው ፍሎሪን ያለበት ጋዝ ከነበረና ቆዳው የሚያቃጥለው ከሆነ፣ ብዙ ውሃ አፍስሱበት። ለሐኪሙም ይህንኑ ንገሩት፤ ለሃይድሮጂን ፍሎራይድ ካልሲየም ግሉኮኔት የተለየ ሕክምና ነው፣ ሐኪሙ ግን ምን እንደነካው ካላወቀ አያስበውም። ከመሄዳችሁ በፊት የሲሊንደሩን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። ቀይ መሆኑን ብቻ መናገር ምንም አይነግረውም፤ ሁሉም ቀይ ናቸው።